የሰባ ሰባት ልጆች፦ በከሚሴና በአካባቢው የስኳር በሽታና የአእምሮ መድከም ታሪካዊ ዳራ

በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች አንድ ጎልማሳ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ሳይሆን ዘመን ነው። የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ሲገባ ጡት ይጠባ እንደ ነበር፣ ወይም በሰባ ሰባት እናቱ እርሱን አርግዛ እንደ ነበር ይናገራል። ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ ዘመኑን ወደ ቁጥር ይመልስና አርባ ወይም ሃምሳ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ሲደረግ በካርዱ ላይ የሚቀረው ዕድሜው ብቻ ነው፤ ረሃቡ ይወጣል።

ይህ ከካርዱ የሚወጣ ቃል ለስኳር ሕሙማን ክትትል ያለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለባቸው ጎልማሶች የማሰብ፣ የማስታወስና የማተኮር ችሎታቸው ከእኩዮቻቸው ቀድሞ ሊደክም እንደሚችል በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። በማሕፀን ሳሉ ወይም በጨቅላነታቸው ጽኑ ረሃብ ያገኛቸው ሰዎችም በጎልማሳነታቸው ለስኳር በሽታም ሆነ ለአእምሮ መድከም ይበልጥ የተጋለጡ ስለ መሆናቸው የሚያመለክቱ ማስረጃዎች ተከማችተዋል። ወሎ ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበት ምድር ነው። ይሁን እንጂ የስኳር ሕክምና ታሪክና የረሃብ ታሪክ ለረጅም ጊዜ በየራሳቸው መንገድ ሲሄዱ ቆይተዋል፤ የመጀመሪያውን ሐኪሞች፣ ሁለተኛውን የእርዳታ ሠራተኞችና የታሪክ ጸሐፊዎች ያዙት።

ዘግይቶ የታየው አካል

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ ከተማ የአሥራ አራት ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን ኢንሱሊን በመርፌ የተሰጠው የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዋልተር ማይልስና ሃዋርድ ሩት የተባሉ ተመራማሪዎች የስኳር ሕሙማንን በሥነ ልቡና መፈተኛዎች ፈትነው፣ የማስታወስና የማተኮር ችሎታቸው ከጤነኞች ዝቅ ብሎ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ሁለቱ ክንውኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ቢውሉም ዕጣቸው አንድ አልሆነም። የኢንሱሊኑ ዜና ዓለምን አዳረሰ፤ የአእምሮው ጉዳይ ግን ለአሥርት ዓመታት ያህል የሚያነሣው እምብዛም አልተገኘም።

ለዚህ ምክንያት አለው። ኢንሱሊን ሳይገኝ በወራት ውስጥ ይሞቱ የነበሩ ወጣቶች ለዓመታት መኖር ሲጀምሩ፣ ቀስ ብለው የሚመጡት ጉዳቶች አንድ በአንድ ታዩ። ዓይን ታወረ፣ ኩላሊት ደከመ፣ እግር ቆሰለ፣ ልብ ታመመ። እነዚህ ሁሉ በመሣሪያ ይለካሉ ወይም በዓይን ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ ለኢንሱሊን ፈጥነው የሚታዘዙና የማይታዘዙ ሁለት ዓይነት ሕሙማን መኖራቸውን አሳየ፤ ዛሬ ዓይነት ሁለት የሚባለው ብዙውን ጊዜ በጎልማሳነት የሚጀምር በሽታ ከዚያ ወዲህ እየተለየ መጣ። ይሁንና በጎልማሳነት የጀመረው በሽታ ወደ እርጅና ሲደርስ የሚታየው መርሳት የእርጅናው ነው ተብሎ ታለፈ። በአማርኛም «ጃጀ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ ጃጅቷል ከተባለ በኋላ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄውን መልሰው ያነሡት በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ለዓመታት የተደረጉ ክትትሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በኔዘርላንድ የሮተርዳም ጥናት ይጠቀሳል። ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎች የተካተቱበት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ውጤት፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ጥናቶች የመጠን ልዩነት ቢያሳዩም አቅጣጫቸው አንድ ነው። እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም፤ የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በመርሳት በሽታ አይያዙም። በብዛት የሚታየው ከዚያ የቀለለ ለውጥ ነው፦ የሐሳብ ፍጥነት መቀነስ፣ ሁለት ነገርን በአንድ ጊዜ ማሰብ መቸገር፣ ነገን ማቀድ አለመቻል፣ አዲስ የተነገረን ነገር ቶሎ መርሳት።

የጉዳቱ መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከፍ ያለ የደም ስኳር የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ የደም ግፊት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። ሰውነት ኢንሱሊንን አልታዘዝ ሲል አንጎልም ከዚሁ ችግር ነፃ እንዳልሆነ ይታሰባል። በሌላ በኩል ደግሞ የደም ስኳር ከመጠን በታች መውረድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ካሊፎርኒያ በ16,667 የዓይነት ሁለት ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ አንድ ጊዜ የገጠማቸው ሰዎች ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው በሩብ ያህል፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የገጠማቸው ደግሞ በእጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ሰፊ ሙከራ በበኩሉ የደም ስኳርን አጥብቆ ዝቅ ማድረግ የማሰብ ችሎታን ከመድከም እንዳላዳነ አሳይቷል። ስለዚህ ስኳሩን ማውረድ ብቻውን መልስ አልሆነም፤ አላግባብ ማውረድ ራሱ ጉዳት ነው።

የባለጸጋ በሽታ የተባለው

በኢትዮጵያ የስኳር በሽታ ለረጅም ዘመን የከተማ ሰውና የባለጸጋ በሽታ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋ ያሉ የሕክምና ጽሑፎችም ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የወጡ ናቸው። በዚህ ረገድ የዶክተር ፍራንሲስ ሌስተር ድካም ይታወሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በኢትዮጵያውያን ላይ የሚታየውን የስኳር በሽታ ገጽታ የሚገልጽ ጥናት በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ስኳር ሕሙማን ማኅበር ተቋቋመ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1976 ወደ 1977 የሚሻገር ነበር፤ በዋና ከተማዋ የስኳር ሕሙማን ሲደራጁ በወሎ ምድር እህል ጠፍቶ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። በወቅቱ ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ክር አለ ብሎ ማሰብ የሚቻል አልነበረም።

ክሩ መታየት የጀመረው ከጎንደር በኩል ነው። በጎንደር ሆስፒታል ዶክተር ሺታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ብሪታኒያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ፣ የስኳር ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የማድረስ ሥራ ሠሩ። ነርሶች ሠልጥነው ኢንሱሊን በየአቅራቢያው መስጠት ሲጀመር፣ ቀድሞ ሆስፒታል ድረስ መምጣት ያልቻሉ ሕሙማን ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ባለጸጎች አልነበሩም። ቀጫጭኖች፣ ድሆች፣ ገበሬዎች ነበሩ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ሊከፈት አይገባውም ወይ ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው «እንደገና» የተባለው ጉዳዩ ተዘግቶ ስለ ነበር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል በመደቡ ውስጥ አስገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 መልሶ ሰርዞታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዓይነት አምስት በሚል ስም ዕውቅና ሰጥቶታል። ይህ ከዓይነት ሁለት የተለየ በሽታ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ከጎንደሩ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የስኳር በሽታ ታሪክ ሁልጊዜ ከጥጋብ እንደማይጀምር፣ ከእጦትም ሊጀምር እንደሚችል ነው።

የአሰብ መንገድና የባቲ መጠለያ

የዛሬው የኦሮሚያ ብሔረሰብ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ከቦርከና ሸለቆና ከጨፋ ሜዳ ጀምሮ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ምድር ይይዛል። ዋና ከተማው ከሚሴ ነው። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ ወረዳዎቹ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ450 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። አብዛኛው ሕዝብ ኦሮምኛ ተናጋሪና የእስልምና ተከታይ ነው። ጨፋ ለምለም ሜዳ በመሆኑ በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ለረጅም ዘመን ሲያገናኝ የኖረ ነው።

ምድሩ ለም ቢሆንም ከረሃብ አላመለጠም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን በመላው አገሪቱ ያደረሰውን ጥፋት ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተው ያወሩት ነበር። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ከመንግሥት ዘንድ ተሸሽጎ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ግን ሊደበቅ አልቻለም። ከዚያም 1977 መጣ።

በሰባ ሰባት የባቲ ስም ከኮረም ጋር አብሮ በዓለም ዘንድ ታወቀ። ባቲ ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ሥር፣ ከአሰብ ወደብ በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ በመሆንዋ እህል የሚመጣባትም፣ ረሃብተኛ የሚሰበሰብባትም ቦታ ሆነች። ከደጋው ገበሬው፣ ከቆላው አርብቶ አደሩ በዚያ መጠለያ ተገናኙ። በመጠለያዎች ውስጥ ሕፃናት በክብደትና በቁመት እየተለኩ ተጨማሪ ምግብ የሚሰጣቸው ይለዩ ነበር። ልኬቱ ዓላማው የሚሞተውን ከሚተርፈው መለየት ነው፤ የተረፈው ሕፃን በአርባ ዓመቱ ምን ይገጥመዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ሊጠየቅም አይችልም ነበር።

ጥያቄውን በኋላ ያነሡት በሌላ አገር ረሃብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 ክረምት፣ የጀርመን ጦር ምግብ እንዳይገባ ስለ ዘጋ ምዕራብ ኔዘርላንድ ተራበ። ረሃቡ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን በትክክል ስለሚታወቅ፣ የእናቶችም የወሊድ መዝገብ ስለ ተጠበቀ፣ ልጆቹ አድገው ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው መፈተን ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት በማሕፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ረሃቡ ያገኛቸው፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ በትኩረት መፈተኛ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳገኙ ታተመ፤ እርግጥ በሌላ የኔዘርላንድ ቡድን ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት ባለማግኘቱ ክርክሩ አልተዘጋም። በዩክሬን እ.ኤ.አ. በ1932ና በ1933 በረሃቡ ዘመን በተወለዱት ዘንድም ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ በዝቶ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል።

የዚህ ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሄልስና ባርከር የተባሉ እንግሊዛውያን ካቀረቡት ሐሳብ ይነሣል። በማሕፀን የተራበ ፅንስ ያለችውን ጥቂት ምግብ ለአንጎሉ አስቀድሞ፣ ከቆሽቱና ከጡንቻው ላይ ይቆጥባል። በዚህ ቁጥብነት የተሠራ ሰውነት እጦት ባለበት ኑሮ ይዘልቃል። ዘይት፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት በሞላበት ኑሮ ግን ቆሽቱ አልበቃ ይለዋል። አንጎሉም ቢሆን ቅድሚያ ተሰጠው እንጂ ከጉዳት ፈጽሞ አልዳነም።

ከወሎ የተገኘው ማስረጃ ቅርብ ነው። ጌታቸው አራጌና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ወረዳ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን በማሕፀን የነበሩትን፣ ሕፃናት የነበሩትንና ረሃቡ ካለፈ በኋላ የተወለዱትን ጎልማሶች የማሰብ ችሎታ አነጻጽሯል። በማሕፀንም ሆነ በሕፃንነት ረሃቡ ያገኛቸው ዝቅ ያለ ውጤት አግኝተዋል። ጥናቱ ስለ ስኳር ሕሙማን የተደረገ አልነበረም፤ የተጠኑትም ገና አርባ ዓመት ያልሞላቸው ወይም ጥቂት ያለፋቸው ነበሩ። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል፦ የረሃቡ ልጅ የስኳር በሽታ ቢይዘው፣ በሽታው የሚያገኘው አስቀድሞ ከስንቁ የተቀነሰበትን አእምሮ ነው። በዚህ ላይ እጅግ የተጎዱት በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ በሕይወት ተርፈው የሚፈተኑት የጠነከሩት ናቸው፤ እውነተኛው ጉዳት ከሚለካው ሊበልጥ ይችላል።

የረሃቡ ልጆች በወሎ ብቻ አይገኙም። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወስዷል። በጅማ ወይም በነቀምቴ የስኳር ክትትል ወረፋ ላይ የተቀመጠ የአርባ ዓመት ሰው የባቲን መንገድ በእናቱ ማሕፀን ሆኖ የተጓዘ ሊሆን ይችላል።

መለኪያውና የሚለካው ሰው

የአእምሮ መድከምን መለካት በዚህ አካባቢ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ መለኪያው ለዚህ አካባቢ ሰው አልተሠራም። በዓለም ላይ እጅግ የተሠራበት አጭር መፈተኛ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ባለ 30 ነጥቡ ነው። ዓመቱን፣ ወቅቱንና ቀኑን ይጠይቃል፤ ከመቶ እየተነሡ ሰባት ሰባት መቀነስን ያዝዛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል፤ የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን ያስገለብጣል።

ይህ መፈተኛ ከሚሴ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አያስቸግርም። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? በመሥሪያ ቤት ዓመተ ምሕረት አለ፤ በመስጊድ የሒጅራ አቆጣጠር አለ፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይዞ ይመጣል። ሦስቱን አስታርቆ የሚኖር ሰው ከሦስቱ አንዱን ቢስት ደክሟል አይባልም። ዓረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል በየትኛው ፊደል? የዛሬ ሃምሳ ዓመት ያደገ ሰው በአማርኛ ፊደል ጥቂት ተምሮ፣ ወይም በቁርኣን ቤት ዐረብኛ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ኦሮምኛን በቁቤ ይጽፋሉ። ከመቶ ሰባት ቀንስ ሲባል የሚደናገር ነጋዴ በባቲ ገበያ የሦስት ፍየል ዋጋ ከደላላው ቀድሞ ደምሮ ይጨርሳል። ፈታኙ አማርኛ ተናጋሪ፣ ተፈታኙ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን ደግሞ በአእምሮ መድከምና በቋንቋ መሳት መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የወሎ መንዙማ በቃል የሚያዝ ሀብት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ ስንኞች ረጅሙን መንዙማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወርድ አዛውንት ሲታይ፣ ይህ ሰው ማስታወስ ደክሞታል ቢባል ቤተሰቡ ይስቃል። የቆየ ትዝታና አዲስ ትዝታ ግን በአንጎል ውስጥ አንድ አይደሉም። በልጅነት የተቀረጸው ስንኝ ሳይነካ፣ ዛሬ ጠዋት ኢንሱሊን መወጋት አለመወጋቱ ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙንም ቤተሰቡንም የሚያሳስተው ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ከአፍሪካ የመጣው ሥራ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በነሆል ቡድን የተዘጋጀውና በናይጄሪያ ኢባዳን የተሠራበት መፈተኛ ከታማሚው ጥያቄ ሌላ የቤተሰብን ምስክርነት አብሮ ይጠይቃል። በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በሃይ ወረዳ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሌላው ደግሞ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ማንበብና መጻፍን አይጠይቅም። ድልድይ ምንድን ነው ይላል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል የእንስሳት ስም ያስጠራል፤ በክብሪት እንጨት የተሠራን ቅርጽ ያስመስላል። በአርብቶ አደርና በገበሬ አገር የእንስሳትን ስም ማስጠራት፣ ከመቶ ሰባት ከመቀነስ ይልቅ ፍትሓዊ ነው።

ክኒን፣ ጾምና ካርድ

ይህ ሁሉ በክትትል ክፍል ውስጥ የሚታየው በአንዲት አጭር ቃል ነው፦ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም»። የደም ስኳሩ በየቀጠሮው ከፍና ዝቅ የሚል ሕመምተኛ ካርድ ላይ ይህ ይጻፍና መድኃኒቱ ይጨመርለታል ወይም ይገሠጻል። እንበልና የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በስድሳ ስድስት የተወለደ፣ ለስምንት ዓመት ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን የወሰደ ሕመምተኛ ነው። ጠዋት መውሰዱን ረስቶ ደግሞ ይወስዳል፤ በሌላው ቀን ሳይወስድ ወስጃለሁ ይላል። የሚገሠጽበት ነገር የበሽታው አንዱ ምልክት ነው። የተጨመረለት ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ሁለት ጊዜ በተዋጠ ቀን ስኳሩን ከመጠን በታች ያወርደዋል፤ ስኳሩ በወረደ ቁጥር አንጎል ይጎዳል፤ አንጎል በተጎዳ ቁጥር መርሳቱ ይብሳል።

በዚህ ዞን የረመዳን ጾም የሚያመጣውን ማንሣት የግድ ነው። በአሥራ ሦስት አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ሕሙማን ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ የሚገጥማቸው ቁጥር በረመዳን ወር ከሌላው ጊዜ ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። የአእምሮው ንቃት ያልተነካ ሰው የክኒኑን ሰዓት ወደ አፍጥርና ወደ ሱሁር ያዛውራል፣ መንቀጥቀጥና ላብ ሲመጣ ጾሙን ያፈርሳል። የማቀድ ችሎታው የደከመ ሰው ግን ለውጡን በቃል ተነግሮት ይረሳል፤ ምልክቱ ሲመጣም አያውቀውም። ስለዚህ ከረመዳን በፊት የሚሰጠው ምክር ለሕመምተኛው ብቻ ሲነገር ግማሹ ይባክናል፤ ሱሁር የምታበስለው ሚስት ወይም ልጅ መስማት አለባት።

የክትትሉ መንገድ ራሱ ተቆርጦ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ፣ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። መድኃኒት ሲቋረጥ የት እንደሚገኝ ፈልጎ ማግኘት፣ መጠኑን በቃል ማስታወስ፣ ለአዲስ ሐኪም ማስረዳት ሁሉ የአእምሮ ሥራ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ተጎጂ የሚሆነው ይህ ሥራ የከበደው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሊለወጡ ይችላሉ ያላቸውን አሥራ አራት የመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ የስኳር በሽታና ዝቅተኛ ትምህርት ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የሰባ ሰባት ልጅ ረሃቡ ትምህርቱንም ስለ ወሰደበት ሁለቱን በአንድነት ሊይዝ ይችላል። ረሃቡ ራሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕሙማን በየዓመቱ የማሰብ ችሎታቸው እንዲፈተሽ ያዝዛል። መመሪያው የተጻፈው የመጀመሪያዎቹን የሕይወት ዓመታት በጥጋብ ላሳለፈ ሕዝብ ነው። በከሚሴና በባቲ ለክትትል የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ በካርዱ ላይ ከዕድሜው አጠገብ የትውልድ ዘመኑ ስሙ ተጠርቶ መጻፍ፣ ከሕመምተኛው ጋር የመጣውን ሰው ከአምና ዘንድሮ በምን እንደ ተለወጠ መጠየቅ፣ የቀሩትን ክኒኖች መቁጠር። ይህ የነርስ አምስት ደቂቃ ነው። መመሪያው እንደ ተጻፈ ቢጠበቅ ግን፣ በ1977 ዓ.ም. በባቲ መጠለያ የተወለደ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ተራው የሚደርሰው በ2042 ዓ.ም. ይሆናል።